ጨው የሌለው ድንች በአውሮፕላን

እንጅባራ ከተማ ውስጥ ማመልከቻ ማስጻፍ የሚፈልግ ሰው ቤቴን ጠይቆ አያጣውም። የትምህርት ቤት ደጃፍ አንድም ቀን ሳልረግጥ ነው እዚህ የደረስኩት። በወጣትነቴ ዳንግላ ላይ ጋሪ እነዳ ነበር፤ ፈረሴ ውኃ ሲጠጣ እኔ የሱቅ ሰሌዳ እያየሁ ፊደል ለየሁ። ዛሬ ዲግሪ የያዙ ልጆች የጻፉትን አቤቱታ የማቃናው እኔ ነኝ። ምን እንደሚፈርም ሳያነብ የፈረመ ባለጉዳይ ሲመጣብኝ መጀመሪያ እገሥጸዋለሁ፣ ብዕሬን የማነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የማስቀድመው የሚከተለውን የሚተርከው ማን እንደሆነ አንባቢ እንዲያውቅ ብዬ ነው።

የጉዞው ምክንያት ታናሽ ወንድሜ አንለይ ነው። አንለይ አዘና የሚኖር ገበሬ ነው፤ ፊደል አልቆጠረም። ባሕር ዳር የመረመረው ሐኪም ኩላሊቶቹ ደክመዋል፣ አዲስ አበባ ሄዶ የደም እጥበት ይጀምር አለ። ቀጠሮው እስኪደርስ ሁለት ሳምንት እኔ ቤት ተቀመጠ። የሚበላውንና የሚጠጣውን የሚያሳይ ወረቀትም ተሰጥቶናል። ጨው ክልክል ነው፤ ውኃ በቀን ከሦስት ብርጭቆ አይለፍ ይላል። ወረቀቱ ስስ ስለነበር እንዳይቀደድ በዱቄት ሙጫ ካርቶን ላይ ለጠፍኩት፣ ጠርዙንም በፕላስተር ከፈፍኩት። ያየው ሁሉ የማተሚያ ቤት ሥራ ነው ብሎ አደነቀልኝ።

ማክሰኞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ እንጅባራ

አውሮፕላን ላይ ወጥቼ አላውቅም። የወጡትን ግን አንድ በአንድ ጠይቄ የሚበላውን ለይቻለሁ። ሽሮና ባቄላ አየር ላይ ሆድ ይነፋሉ፤ ለስላሳም እንዲሁ ነው። ቡና ከንፈር ያደርቃል። አውሮፕላኑ ውስጥ የሚታደለው ጨው አያጣም። ስለዚህ የራሳችንን ስንቅ ያዝን። የእኛ አገር ድንች ጨው ሳይነካው ይጣፍጣል፤ ሁለቱን ሳምንትም ወንድሜን ያቆየሁት በእሱ ነው። ዐሥራ አራት ቀቅዬ፣ ልጬ፣ በንጹሕ ጨርቅ ቋጠርኩ። ለውኃው ደግሞ አንድ ሃይላንድ ላይ በማርከር መስመር አሰመርኩ፤ እያንዳንዱ መስመር ግማሽ ብርጭቆ ነው።

አንለይ ጋቢውን ተከናንቦ እያየኝ፣ "ጋሼ፣ ውኃውንም እንደ መሬት ቀየስከው?" አለ። "ድንቹንስ ይህን ያህል ይዘን ስንሄድ ለዘር ነው አይሉንም?"

"ዝም ብለህ ባጃጁ ላይ ውጣ" አልኩት።

ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጉሙ አልተገለጠም። መናኸሪያ ስንደርስ የባሕር ዳሩ ሚኒባስ ሁለት ሰው ነበር የቀረው።

1 ሰዓት ከሩብ፣ ዳንግላ

ሹፌሩ ለቁርስ አቆመ። ዳንግላን ከመስኮት ማየት ለእኔ የገዛ ፊደሌን ማየት ነው። ከድሮዎቹ ሰሌዳዎች የቀረ የለም፤ ጋሪዎቹ ግን አሁንም ጤፍና ሰው ጭነው ወደ ገበያ ይወርዳሉ።

አንለይ ሲወርድ ጉልበቱ ከዳውና በሩን ያዘ። "እግሬ የእኔ አልሆን አለኝ" አለ።

"መቀመጥ ነው ያደነዘዘህ" አልኩት።

ምግብ ቤቱ ውስጥ የሁሉም ሰው ፍርፍር በቅቤ ይጨሳል። ወንድሜ ወደ ሰው ትሪ እንዳያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አስዞርኩት። አስተናጋጇን ጠርቼ ካርቶኔን አሳየኋትና ጨው የሌለው ነገር እንዳላት ጠየቅኋት።

"አባባ፣ እዚህ ቤት ጨው የሌለው እኔ የምጠጣው ሻይ ብቻ ነው" አለችኝ።

አንለይ ሳቀ። ከቋጠሮው ሁለት ድንች አውጥቼ ሰጠሁት፤ በላ። ከሃይላንዱም አንድ መስመር ጠጣ።

4 ሰዓት ተኩል፣ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ

ቦርሳዬ በመፈተሻው ማሽን ሲያልፍ ፈታሹ መልሶ አሳለፈው። "አባባ፣ እነዚህ ድቡልቡሎች ምንድን ናቸው?"

"ድንች። የበሽተኛ ስንቅ ነው።"

ጨርቁን ፈትቶ አየና በአክብሮት መልሶ ቋጠረልኝ። ውስጥ የሚሸጠው የታሸገ ውኃ ዋጋ እንጅባራ ከምንገዛበት በሦስት እጥፍ ይበልጣል። አልገዛሁም። አንለይ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

"ጋሼ፣ ልቤ ትዘላለች። ትዘልና ደግሞ ትቆማለች።"

"ፍርሃት ነው። ከፍ ስንል ይለቅሃል።"

እንዲህ ብዬ ነበር የመለስኩለት። ቃሌን አላሳምርም።

5 ሰዓት ተኩል፣ አየር ላይ

ከአንለይ ወዲያ መስኮቱን የያዘች፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ተቀምጣለች። አውሮፕላኑ ከተስተካከለ በኋላ የበረራ አስተናጋጇ ጋሪዋን እየገፋች መጣች። የታሸገ ቆሎ ሰጠችን፤ እኔ ጨው አለበት ብዬ የወንድሜን መለስኩ። የሚጠጣ ስትጠይቀን አንለይ ወደ እኔ ዞረ። የራሱን ምርጫ እንኳ ለእኔ ትቶታል። የብርቱካን ጭማቂ ጨው የለውም፣ አቅምም ይሰጣል ብዬ አሰላሁና ግማሽ ብርጭቆ አስቀዳሁለት። ከቋጠሮው አንድ ትልቅ ድንች መርጬ በእጁ አስያዝኩት።

ሴትዮዋ የአንለይን ያበጠ እጅ አየች። "አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኒህ ሰው ኩላሊት ያማቸዋል እንዴ?"

"አዎ። እጥበት ሊጀምር ነው።"

"ታዲያ ድንችና ብርቱካን ማን ፈቀደላቸው?"

ደሜ ፈላ። "እመቤቴ፣ እኔ የሐኪሙን ትእዛዝ በቃሌ ነው የማውቀው" አልኩና ካርቶኔን ዘረጋሁላት። አነበበችው። ገለበጠችው። በጣቷ ካርቶኑን ነካ ነካ አደረገች።

"ጀርባውስ?"

"ጀርባው ካርቶን ነው።"

"የወረቀቱን ጀርባ ነው የምልዎት። ባለቤቴ አራት ዓመት ታጥቦ ነበር። ለእኛም እንዲሁ ያለ ወረቀት ሰጥተውናል፤ ሁለት ገጽ ነው።"

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ሙጫውን ስቀባ ጀርባው ላይ ደቃቅ ጽሑፍ አይቻለሁ። የሆስፒታሉ ደንብ መስሎኝ ነበር።

ለእኔ የተቀዳውን ውኃ ካርቶኑ ላይ አፈሰስኩ። ሙጫው እስኪርስ ስንት ደቂቃ እንደቆየ አላውቅም። ከጠርዙ ጀምሬ በጥፍሬ ላጥኩት። ጽሑፉ ወጣ። ድንች። ሙዝ። ብርቱካን። ቲማቲም። አቮካዶ። ከሥሩ፣ እነዚህ በደም ውስጥ ፖታሲየም ያበዛሉ፣ ልብንም ሊያቆሙ ይችላሉ ይላል። የመጀመሪያው ቃል ድንች ነው።

"ምን ይላል ጋሼ?" አለ አንለይ። ድንቹ ገና በእጁ ነው።

አንለይ ማንበብ አይችልም። የፈለግሁትን ብለው ያምነኛል፤ ስድሳ ዓመት ሙሉ አምኖኛል። በአዊኛ፣ እሱ ብቻ እንዲሰማ አድርጌ ነገርኩት። "ድንቹን መልሰው። ሁለት ሳምንት የሚጎዳህን ነው ያበላሁህ። ጀርባውን ሳላነብ ለጠፍኩት።"

ድንቹን አየው። መልሶ ጨርቁ ላይ አኖረው፤ ጭማቂውንም ገፋ አደረገ።

"እንግዲህ ለዘር እንዳይሆን ቀቅለኸዋል" አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለሐኪሙስ ትነግረዋለህ?"

"እነግረዋለሁ።"

ቀጠሯችን ለሐሙስ ነበር። ሴትዮዋ ይህን ስትሰማ ክንዴን ያዘች። "አይሆንም! ከአውሮፕላኑ እንደወረዳችሁ ሂዱ። የበሉትን ሁሉ ይንገሯቸው፤ ምንም አይደብቁ።"

8 ሰዓት፣ አዲስ አበባ

በታክሲ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ሄድን። ቀጠሮ የላችሁም ተባልን፤ የወንድሜ ልብ እየዘለለች እንደምትቆም ተናግሬ አስገባሁት። የተቀበለን ሐኪም የልጅ ልጄ ቢሆን የሚገርም አልነበረም።

"ምን ሲበሉ ሰነበቱ?" ብሎ አንለይን ጠየቀው።

እኔ መለስኩ። "ድንች። በቀን ሦስት ጊዜ።"

"ማን ነው የሰጣቸው?"

"እኔ።"

"መመሪያ አልተሰጣችሁም?"

"ተሰጥቶናል። ግማሹን እኔ በሙጫ ሸፍኜዋለሁ።" የረጠበውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት።

አልሳቀም፣ አልተቆጣም፤ ተነሥቶ ሮጠ። የልቡን ምት በማሽን አነሡ፣ ደም ቀዱ፣ አንገቱ ላይ ቱቦ አስገቡ፣ ወደ እጥበት ክፍል ወሰዱት። እኔ ኮሪደር ላይ የድንቹን ቋጠሮ ጭኔ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ። የምጥልበት ቦታ ጠፍቶኝ አልነበረም። ለመጣል መነሣት አቃተኝ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሐኪሙ ወጣና፣ "አባባ፣ ዛሬ ባይነግሩን ኖሮ ሐሙስን..." ብሎ ተወው። እኔም ጨርስልኝ አላልኩትም።

ስምንት ቀን በአዲስ አበባ

አንለይ በሳምንት ሁለት ጊዜ ስለሚታጠብ ከሴት ልጁ ጋር እዚያው ሊኖር ሆነ። እግሩ ጠና፤ ልቡም መዝለሏን ተወች። ከመመለሴ በፊት አንድ ሥራ ነበረብኝ። የወረቀቱን ጀርባ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"በዚህ ዕድሜዬ?" አለ።

"እኔ ስማር ፈረስ ይዤ ነበር። አንተ የያዝከው ነገር የለም።"

"ጋሼ፣ አንተ እያለህ ምን ያደርግልኛል?"

"እኔ እያለሁማ አየኸው።"

ከድንች ጀመርን። "ድ"ን ለመለየት አንድ ቀን ፈጀ። ሱቅ ሰሌዳ ላይ የተማርኩት እኔ፣ ሰሌዳ ጀርባው ባዶ ስለሆነ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ፊት ለፊት ያለውን አንብቤ መነሣት ለምዶብኛል። ለወንድሜ ያስተማርኩት ግን መጀመሪያ መገልበጥን ነው።

የመልስ ጉዞ

ብቻዬን ተመለስኩ። አስተናጋጇ ቆሎ ስትሰጠኝ ፓኬቱን ፊቱንም ጀርባውንም አንብቤ በላሁ፤ ውኃ ጠጣሁ። ከባሕር ዳር በሚኒባስ፣ በዳንግላ አድርጌ እንጅባራ በሰላም ገባሁ። በዚህ ጉዞ ያደረግሁት ይህ ነው።

በሰባ ዓመቴ ሁለት ጊዜ በረርኩ፤ ሆዴ አንድም ጊዜ አልተነፋም።

ወንድሜን ከተፈቀደለት ውኃ አንዲት መስመር አላሳለፍኩትም።

ደርቆ የተጣበቀ ወረቀት አንድ ፊደል ሳልቀድ፣ አየር ላይ፣ በጥፍሬ ላጥኩ።

ሐኪም ፊት "እኔ" አልኩ። ይህን ከማንኛውም ማመልከቻዬ አስበልጣለሁ።

ሆስፒታሉ የሰጠንን አዲሱን ወረቀት ካርቶን ላይ አልለጠፍኩትም። እንዲገለበጥ በክር ከአንለይ አልጋ በላይ ሰቀልኩት።

አንለይን አምስት ቃል አስነበብኩ። ትናንት በስልክ ደውሎ፣ "ጋሼ፣ ልጄ የሾርባ ፓኬት ገዝታ መጣች። ፊቱ ላይ የለም፤ ገልብጬ ባየው ግን 'ቲማቲም' ይላል። አትቀቅይልኝ አልኳት" አለኝ።