ኦቦ አልቀመጥም ያሉ ቀን

ባሌን ያገኘሁት ሰበታ፣ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው። እኔ የተሰፋውን ሸሚዝ እየገለበጥኩ ጉድለት እፈልጋለሁ፤ እሱ የስፌት ማሽን ጠጋኝ ነው፣ አሠሪው ከኬንያ ያስመጣው። ሸሚዝ ላይ የዘይት ጠብታ ባየሁ ቁጥር ሄጄ እጮህበታለሁ፤ እሱ ደግሞ ይስቃል። በዚህ ዓለም ላይ ስቆጣ እንደሚስቅብኝ ሰው የሚያበግነኝ የለም። በገንኩ፣ በገንኩና በመጨረሻ አገባሁት።

አማርኛና ኦሮምኛ የተማረው እዚያው ፋብሪካ፣ ከሠራተኛው አፍ ስለሆነ የቱ የቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አይለይም። ጠዋት ሲነሳ «አካም ቡልቴ እመቤቴ! ቁርስ ኬኛ የታለ?» ይለኛል። እንዴት አደርሽ፣ ቁርሳችን የታለ ማለቱ ነው። እኔን አንዳንዴ «አንተ» ይለኛል፣ የቤት አከራያችንን ድመት ደግሞ «እርስዎ»። ማረም ትቻለሁ፤ እንዲያውም ቢታረም ደስ የሚለኝ አይመስለኝም።

ፋብሪካው ሥራ ሲቀዘቅዝበት መጀመሪያ ያሰናበተው ከውጭ የመጡትን ነው። የባሌ የሥራ ፈቃድ በፋብሪካው በኩል የወጣ ነበርና አብሮ ተሰናበተ። አገር ውስጥ የሚቆይበት የመኖሪያ ፈቃድ በእኔ፣ በሚስቱ በኩል ወጣለት፤ ሥራ ግን አይፈቅድለትም። ምን እናድርግ? ተወልጄ ባደግኩበት ቡራዩ፣ የአምቦ መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይተን የስፌት ማሽን ጥገና ከፈትን። ንግድ ፈቃዱ በእኔ ስም፣ ደረሰኙ በእኔ ስም፣ የኪራይ ውሉ በእኔ ስም። ባሌ በሕግ ዓይን ሚስቱን ለመጠየቅ ሱቅ ብቅ ያለ ሰው ነው። ጠዋት ብቅ ይላል፣ ማታ ይወጣል።

እኔ እንግዲህ ስለ ማሽን የማውቀው ሲሠራ እንደሚንጫጫና ሲበላሽ ዝም እንደሚል ነው። አንድ ቀን ሱሉልታ ልብስ የሚያሰፉ ሰውዬ መጡ። ማሽኖቻቸውን በቋሚነት የሚጠግንላቸው ይፈልጋሉ። ከባሌ ጋር ቁጭ ብለው የሆዳቸውን አወሩ፣ ተግባቡ፣ ሻይ ጠጡ። ውል ሲመጣ ግን ወረቀቱ ወደ እኔ ዞረ። ምንም የማላውቀው እኔ ፈረምኩ፤ እሱ ዘይት የነካ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሞ አየ። ማታ እራት አልበላም። «እኔ እዚህ አገር ማነኝ?» አለኝ። የሚስቅ ሰው ሳይስቅ ሲናገር ያስፈራል። በሳምንቱ፣ በራሱ ስም፣ ለብቻው የሚሠራበትን ፈቃድ ሊጠይቅ አዲስ አበባ ወረደ።

በራችን ትይዩ የምትኖር ጎረቤት አለችኝ። ክፉ አይደለችም፤ ስታመም ሾርባ ይዛ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። ምላሷ ግን አጥር የለውም። ጉዳዩን ስነግራት ሳቅ አለችና «ይያዘውና ታያለሽ» አለች። «የያዘው አንቺን መሰለሽ? ወረቀትሽን ነው። የራሱን ያገኘ ዕለት አገሩ ያስቀመጣትን ሴት ያስመጣል።» ሰፈሩ ይህን ካወራው ቆይቶ ኖሯል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ እኔ መጨረሻ ሰማሁ። እንደ አመሌ ሰድቤያት ገባሁ። ግን ነገሩ ሆዴ ውስጥ ቀረ። ሌሊት አጠገቤ ተኝቶ ሲያንኮራፋ እያየሁት፣ ይሄ ሰው ሌላ መሄጃ ስለሌለው ነው እዚህ የተኛው ይሆን? እላለሁ። ሴት ስለ ባሏ እንዲህ ብላ ራሷን ስትጠይቅ ምን ያህል እንደሚያም ያየችው ታውቀዋለች።

እሱ ደግሞ ሄዶ ይመለሳል። «ነገ ና» ብለውኛል ይላል። ነገ ይሄዳል፣ አለቃ ስብሰባ ላይ ናቸው ይባላል። ከዚያ ሁሉ መመላለስ በኋላ ስለ ፈቃዱ ማውራቱን ጭራሽ ተወ። እኔም አልጠየቅኩም። ባይሳካ ደስ የሚለኝ ቀን ነበር፤ በማግሥቱ ሱቅ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ሳየው ደግሞ አንጀቴን ይበላውና፣ ምነው አምላኬ ቶሎ በሰጡት እላለሁ። እንዲህ ስዋዥቅ ከረምኩ።

አንድ ቀን ማለዳ ከቤት የወጣው ባሌ ረፋድ ላይ ደወለ። «ቢሮ ነኝ። ኦቦ አብረውኝ አሉ፣ ሁለት ሽማግሌዎችም አሉ። ቆመዋል። አልቀመጥም ብለዋል። መታወቂያህንና የጋብቻውን ወረቀት ይዘህ ቶሎ ና» አለኝና ስልኩን ዘጋው።

ኦቦ የዕድራችን ዳኛ ናቸው። ስማቸውን የሚጠራ የለም፣ ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ ነው የሚላቸው፣ አቶ እንደማለት። አባት አያታቸው እዚሁ ቡራዩ ያረሱ ገበሬ ናቸው፤ መሬቱ ቤት ቤት ሲሆንባቸው ላሞቻቸውን አስቀርተው ወተት ይሸጣሉ። ባሌ ያለ እሳቸው አይውልም። በመጣ ሰሞን ከአንዱ ጋር በአጥር ተጣልተን፣ እሱ ራሱ ሄዶ ለመነ፣ ተቆጣ፣ ካሳ ልክፈል አለ፣ አልሆነም። በኋላ ኦቦ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ሰውየው ደጅ ቆሙ። ግቡ ቢባሉ አልገባም፣ ተቀመጡ ቢባሉ አልቀመጥም። ሰውየው በአንድ አፍ «እሺ» አለ፣ አለቀ። ባሌ አፉን ከፍቶ ቀረ። «እዚህ አገር ሰው ለራሱ አይለምንም ለካ!» አለኝ።

ስልኩን ስሰማ የመጣብኝ ይኸው ነው። ወይ ጉድ! ይሄ ሰውዬ የመንግሥት ቢሮ ሽማግሌ ላከ! ሱቁን ዘግቼ ታክሲ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። አስኮን እስክናልፍ ደሜ ፈልቶ አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት ሁለት ጊዜ በክርኔ መታኋት። የእሱስ ይሁን፣ እንግዳ ነው። እሳቸው ምን ነካቸው? በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ ፋይል ልትለምኑ ኑ ሲባሉ እሺ ብለው ይወጣሉ?

ቢሮው ስደርስ ኮሪደሩ ላይ ያለው ባለጉዳይ በሙሉ ቆሟል። አግዳሚ ወንበሩ ባዶውን ነው። እሳት የተነሳ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ሽማግሌ ቆሞ ማን ይቀመጣል? ውስጥ ገባሁ። የጉዳዩ ኃላፊ ወጣት ሴት ናት፤ እሷም ቆማ ነው የምትጽፈው።

«አንቺ ነሽ ሚስቱ?» አለችኝ። «እባክሽ እህቴ፣ ወገቤን አሞኛል። ቁጭ በሉልኝ ብዬ ለምኜ ሞትኩ።»

ዞሬ ባሌ ላይ አፈጠጥኩ። «አንተ ሰውዬ አብደሃል? ቢሮ ሽማግሌ ይላካል? ሕግ እኮ ነው! የአጥር ጠብ መሰለህ?»

አልሳቀም። ስቆጣው ሳይስቅ ሲቀር ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። መሬት መሬት ያያል። እሱን ትቼ ወደ ኦቦ ዞርኩ። «ኦቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። የሰው አገር ሰው ነው፣ ወጉን የት ያውቃል? አደከማችሁ።»

«ያውቃል» አሉኝ ኦቦ። «ወጉንስ ከአንቺ በላይ ያውቃል። እኛ ይችን ልጅ ልንለምን አልመጣንም። የእሷ ሥራ አልቋል፣ ጠይቂያት።»

ጠየቅኳት። እውነት ነው። ፋይሉ ካለቀ ሰንብቷል። የቀረው ሚስቱ ራሷ ቀርባ መስማማቷን ማረጋገጥ ብቻ ነው። ለባለቤትሽ ነግሬዋለሁ፣ ሁለቴም ነግሬዋለሁ አለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«እንዴት ብሎ ይንገርሽ?» አሉ ኦቦ በእሱ ፈንታ። «ሰፈሩ የሚያወራውን ሰምቷል። አንቺም እንደሰማሽ ያውቃል፣ ሌሊት እንቅልፍ እንደሌለሽ ያውቃል። ‹እኔ በአፌ ብጠይቃት፣ እሺ ብትል አፍራ ነው፣ እምቢ ብትል ተጣልተን ነው፤ እናንተ ጠይቁልኝ፣ እኔ እዚህ አገር ሌላ ሰው የለኝም› አለን። ቤትሽ እንዳንመጣ ደግሞ እናውቅሻለን። ገና ከበሩ ተቆጥተሽ አስቀምጠሽን፣ ምሳ አብልተሽ፣ አስቀሽ ትሸኝን ነበር።» ዱላቸውን አጥብቀው ያዙና ቀና አሉ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ልጃችንን ብለን መጥተናል። እምቢ ብትዪ አንቀየምሽም። እሺ እስክትዪ ግን አንቀመጥም።»

ሽማግሌ በእኔ ፊት ቆሞ! እኔን ሊለምን! ለካ ያ ሁሉ ጋቢ፣ ያ ሁሉ ዱላ ለእኔ ኖሯል።

ኃላፊዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ግዴታዬ ስለሆነ ልንገርሽ» አለች። «እስከ ዛሬ እዚህ አገር የሚኖረው በአንቺ በኩል ነው። ይህ ከወጣ በኋላ ግን በራሱ ይቆማል። ነገ ብትለያዩ፣ ብትካሰሱ እንኳ ሠርቶ መኖር ይችላል። ይህን አውቀሽ ነው የምትስማሚው?»

የጎረቤቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አንቃጨለ። ታያለሽ፣ ታያለሽ። ፈራሁ። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። ቀና ብዬ አየሁት፤ የሸሚዙን እጅጌ ያፍተለትላል፤ ያ ዘይት ያጨማለቀብኝ ሸሚዝ ሁሉ ትዝ አለኝ። ይሄ ሰው እኔን ላለማስጨነቅ ብሎ ያለቀ ጉዳዩን በሆዱ ይዞ፣ ጠዋት ጠዋት ቁርስ ኬኛ እያለ ሲያስቀኝ ከርሟል። እንደዚያች ሰዓት ወድጄው አላውቅም። እኔ ደግሞ ፍቅርም ሲመጣብኝ በቁጣ በኩል ነው የሚወጣው።

«ባል እንጂ እስረኛ አላገባሁም!» ብዬ ጮህኩ። «ወዲህ በይው፣ የት ነው የምፈርመው? ተቀመጡ አባቶቼ! ተቀመጡ በቃ!»

ኦቦ ግን ንቅንቅ አላሉም። «በደስታሽ ነው ወይስ በንዴትሽ?»

«በሁለቱም!»

«ቶሌ፣ እሺ» አሉና ተቀመጡ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ግርር ብሎ ተቀመጠ፣ ኃላፊዋም ኡፍ ብላ ወንበሯ ላይ ወደቀች። ያን ጊዜ ባሌ ሳቀ።

ፈቃዱን ውሰድ ብለው የደወሉለት ቀን ብቻውን ሄደ። እኔ ሱቅ ዋልኩ። ከሰዓት ጎረቤቴ ብቅ ብላ «ዛሬ ነው አይደል?» አለችኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። አመሻሽ ላይ ቤት ገባሁ። ከአስኮ የሚመጡት ታክሲዎች ሰው እያራገፉ ይመለሳሉ፣ እሱ የለም። ስልኩ ዝግ ነው። ሁለቴ ተነሳሁ፣ ሁለቴ ተቀመጥኩ፤ ወጡን አሳረርኩት።

የውጭው በር ተንኳኳ። ባሌ ቁልፍ አለው፤ እሱ አይደለም፣ ምን ሊነግሩኝ ነው ብዬ ከፈትኩ። እሱ ነው። ፀጉሩን ተስተካክሏል። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል።

«ቁልፍህ ጠፋ?»

«አልጠፋም።» ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። «ዛሬ መሄጃ አለኝ። ናይሮቢ መሄድ እችላለሁ። ሱሉልታ ቤት መከራየት እችላለሁ። ማንም አይከለክለኝም።» ቃላቱን መንገድ ላይ ሲለማመዳቸው እንደመጣ ያስታውቃል፤ አንድም አልተሳሳተም። «እዚህ መጣሁ። ልግባ?»

ልቆጣው አፌን ከፈትኩ፣ የሚወጣ ቁጣ አጣሁ። የጎረቤቴ በር ገርበብ ብሏል፤ ከላይ ሠፈር የሚወርዱ ሰዎችም ቆም ብለው ያያሉ። መንገድ ላይ ባሏን የምታቅፍ ሴት በሰፈራችን አይቼ አላውቅም። አቀፍኩት። ሰፈሩ ይይ።