የእሳት ራት ለዪው

የካቲት 11 ቀን። በሳጥኑ ካሉት የእሳት ራቶች የግማሾቹ ወገን ሳይለይ ቀረ።

በሙዚየማችን ይህን ሥራ የያዙት አዛውንት ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ ያኖሩና በአጉሊ መነጽር መጀመሪያ ዓይን ያዩ ነበር፤ ዓይኑ ጠጉር ያለው አንድ ወገን ነው፣ የሌለው ሌላ። «ክንፉ አያታልልሽ ልጄ፤ ሁሉም ዳለቻ ነው። የዚህኛው ዓይን ደግሞ እንደኔ ራስ መላጣ ነው!» ይሉኛል። ስለ ቤታቸው ግን ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

በዚያ ቀን መቆንጠጫው በእጃቸው ተንቀጠቀጠና የአንዷን ቀጭን ቀንድ ሰበረ። እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር ደበቁ።

«እጅጌዬ ነው የነካት። ለአለቃሽ እንዳትነግሪብኝ፤ ከዚህ ካስወጡኝ የት እውላለሁ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ፣ አባባ!»

በማግስቱ ማረፋቸውን ሰማን። ከእኛ እንደወጡ በቀጥታ የሄዱት ልብስ ሰፊው ዘንድ ነበር፤ የኮታቸውን እጅጌዎች አሳጥረው፣ ለብሰውት ወጡ።