ወደ የብስ የወጣው ፀጉር ቆራጭ

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጋሽ ሞገድ ፀጉር የቆረጠው ውሃ ላይ ነው። ሱቁ ሞተሯ የወለቀ፣ ሰው ማመላለስ ከተወች የቆየች፣ በአራት ገመድ ከወደቡ ጋር የታሰረች አሮጌ ጀልባ ነበረች። ሞገድ የሚለውን ስም ማን እንዳወጣለት አይታወቅም። እናቱ ያወጣችለትን ስም ግን ሚስቱ እንኳ የምታስታውሰው በጣም ስትቆጣ ብቻ ነው።

ጀልባ ላይ ፀጉር መቁረጥ እንደ የብሱ አይደለም። አንድ መርከብ ባለፈ ቁጥር ወለሉ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ለአንዲት ቅጽበት እፎይ ብሎ ቀጥ ይላል። መቀሱ የሚሠራው በዚያች ቅጽበት ነው። ጋሽ ሞገድ መቀሱን ከደንበኛው ጆሮ አጠገብ ደግኖ፣ በጉልበቱ ውሃውን እየለካ፣ «መጣ... ሄደ...» ይልና ቀጭ ያደርጋል። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ጆሮ አልነካም። አንዴ ብቻ አንድ ዓሣ ነጋዴ በመሀል አስነጥሶ የግራ ቅንድቡ ግማሹ ሄዷል። እሱም ጥፋቱ የማስነጠሱ ነው ተብሎ ታለፈ።

ታዲያ አንድ ቀን ከወደቡ ጽሕፈት ቤት አንድ ተቆጣጣሪ መጣ። የጀልባዋን ወለል ጤንነት ሊመረምር ነበር፤ ገና ሁለተኛውን እርምጃ ሲያነሳ ቀኝ እግሩ ሳንቃውን በጥሶ እስከ ጉልበቱ ገባ። ጋሽ ሞገድና ተራ ጠባቂዎቹ በብብቱ ይዘው ሊያወጡት ቢሞክሩም ጫማው እንቢ አለ። ሰውየው ሥራ የሚወድ ነበርና አናጢ ተጠርቶ እስኪመጣ ድረስ እዚያው እንደቆመ፣ አንድ እግሩ ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ ወረቀቱን በጭኑ ላይ አድርጎ ጋሽ ሞገድ ጀልባዋን እንዲለቅ የሚያዘውን ደብዳቤ ጻፈ።

የጋሽ ሞገድ ቅስም ተሰበረ። ሚስቱ ግን ደስታዋን የምታደርግበት አጣች።

«እሰይ! ከእንግዲህ ምሳህን ይዤ በዚያች ቀጭን ሳንቃ ላይ እንደ ድመት አልንጠላጠልም» አለችው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ነገር ካሰበች ሳትጨርስ አታድርም። በሳምንቱ ከቤታቸው ፊት ለፊት፣ በመድኃኒት ቤቱና በጫማ ጠጋኙ መካከል፣ አንዲት ክፍል አገኘችለት። የሸክላ ንጣፍ ወለል፣ ሁለት ትልልቅ መስታወት፣ በእግር ሲረገጥ ከፍ የሚል ወንበር አላት። ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ አለህ» አለው።

የመጀመሪያው ደንበኛ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ነበሩ። በዚያ ሳምንት ፎቶግራፍ ተነስተው በትምህርት ቤቱ ኮሪደር ላይ ሊሰቀሉ ነው። ጋሽ ሞገድ ነጩን ጨርቅ አለበሳቸው፣ መቀሱን ደገነ፣ ሞገዱን ጠበቀ። ሞገዱ የለም። አሁንም ጠበቀ።

«ምነው፣ ችግር አለ እንዴ?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«የለም ጌታዬ፤ እየጠበቅኩ ነው።»

«ምን?»

ጋሽ ሞገድ አፈረና ቀጭ አደረገ። እጁ ግን ለሃያ ስድስት ዓመት የለመደውን አልረሳም፤ ጭንቅላቱ አሁን ካለበት ሳይሆን ሞገዱ ሊወስደው ከሚገባው ቦታ ላይ ቆረጠ። የቀኙ ፀጉር ከጆሮ በላይ ወጣ። እሱን ለማስተካከል ግራውን ነካ አደረገ፤ ግራው ደረጃ መሰለ። ደረጃውን ለማለስለስ ቢሞክር ሁለተኛ ፎቅ ተጨመረበት። ርዕሰ መምህሩ መስታወቱን ረዘም ላለ ጊዜ አዩ። ጨዋ ሰው ናቸው። ጭንቅላታቸውን ቀስ ብለው ወደ ግራ ዘንበል አደረጉና፣ «እንዲህ ሆኖ ሲታይ ልክ ነው» ብለው፣ እንደዘነበሉ ወጡ።

ምሳ ሰዓት አካባቢ የጋሽ ሞገድ ሚስት ልብስ ልታሰጣ ሰገነቱ ላይ ወጣች። ወደ መንገዱ ስታይ እጇ ላይ የነበረው ሸሚዝ ወደቀ።

«እማዬ! ነይ እዪልኝ! የሰፈሩን ወንድ ሁሉ አንገቱን ምን ነካው?»

እናትየው፣ ጋሽ ሞገድም ሰፈሩም እማማ የሚላቸው፣ አርባ ዓመት መረብ ሲጠግኑ ኖረው ጉልበታቸው ሲደክም መስኮት ሥር ተወዛዋዥ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሴት ናቸው። ከወንበሩ ሳይነሱ አንገታቸውን አስግገው አዩ። ርዕሰ መምህሩ አንገታቸውን አዘንብለው ያልፋሉ። ትኬት ቆራጩ አዘንብሎ ይከተላል። መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ባለቤቱ አዘንብሎ ቆሟል። ትኬት ቆራጩና እሱ ሲገናኙ ጭንቅላታቸው ሊጋጭ ምንም አልቀረውም።

«ብርድ መቷቸው ነው» አሉ እማማ።

«ኧረ ብርድ አይደለም! ሁሉም የሚወጡት ከባሌ ሱቅ ነው።»

ጋሽ ሞገድ ለምሳ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ተቀመጠና ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ያዘ።

«ወለሉ» አለ።

«ወለሉ ምን ሆነ?»

«አይንቀሳቀስም!»

«ታዲያ ወለል ምን ያድርግልህ? ይጨፍርልህ?» አለች ሚስቱ።

ልጃቸው ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። የአባቷ ዓይን ሳይደክም አይቀርም ብላ ከክፍሉ ጥግ ቆማ ጣቷን አሳየችው።

«ስንት ነው አባዬ?»

«ሦስት።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ሦስት ነው። የመሀለኛው ጥፍርሽ ግን መቆረጥ አለበት።»

«ዓይኑ ከእኔ ይሻላል» አለች ልጅቱ፤ እጇን ቶሎ ኪሷ ከታ።

ከዚያ በኋላ አራት ቀን ደንበኛ ዝር አላለም። ጋሽ ሞገድ ሥራ ፈቶ መቀመጥ አይችልምና ያገኘውን ሁሉ ማስተካከል ጀመረ። የምንጣፉን ዘርፍ ቆረጠ፤ ተንሻፈፈ። መጥረጊያውን ቆረጠ፤ ተንሻፈፈ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ መጥረጊያ የሚጠርግ ሁሉ ሳያውቀው ወደ ግራ ይሄድ ጀመር። ሚስቱ የምትሰፋውን ጨርቅ ሁሉ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እማማ ጠሩት።

«ና እስቲ፣ ይሄ አንገቴ ላይ የወረደው ፀጉር ሞቆኛል፤ ቁረጥልኝ።»

«እማዬ፣ ተይ በሞቴ!» አለች ሚስቱ ከወዲያ።

«ማን ያየኛል ብለሽ ነው? ርግቦቹ? ቁረጥ ልጄ።»

«እሺ እማማ፤ ግን እባክዎ አይወዛወዙብኝ።»

«መወዛወዜንማ አልተውም! ፀጉሬ የአንተ ይሁን፣ ወንበሩ የእኔ ነው።»

ምን ያድርግ? መቀሱን ደገነ። ወንበሩ ሄደ፤ መጣ። እንደገና ሄደ፤ መጣ። ጋሽ ሞገድ በጉልበቱ አንድ የሚያውቀው ነገር ሲነካው ተሰማው። «መጣ... ሄደ...» አለ ሳያስበው። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። ሲጨርስ ልጅቱ ማስመሪያ አምጥታ የአያቷ አንገት ላይ ለካችው። አንዲት ፀጉር ከመስመሯ አልወጣችም። ሚስቱ በግራ እጇ አፏን ያዘች። ጋሽ ሞገድ ደግሞ የአማቱን ጭንቅላት ስሞ፣ ስሞ፣ ፀጉር አፉ ውስጥ ገብቶ አሳለው።

«ወንበሩን ለሱቁ ያውሱኝ እማማ!»

«ወንበሩ ከሄደ እኔም እሄዳለሁ። አንድ ቀን ተለያይተን አናውቅም።»

«ይምጡ!»

«ጉልበቴ ደረጃ አይወርድም።»

ስለዚህ እንደተቀመጡ አወረዷቸው። ፊት ጋሽ ሞገድና ጫማ ጠጋኙ፣ ኋላ ሚስቱና ልጅቱ፣ እማማ ከላይ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መንገዱን አቋረጡ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር የየትኛው ሹም እናት እንደሆኑ ባያውቅም መኪናውን አቁሞ ባርኔጣውን አነሳላቸው። እማማ እጃቸውን አወዛወዙለት።

ሱቅ ውስጥ ተወዛዋዡ ወንበር የደንበኛው ሆነ። እማማ ከኋላው ባለ መርገጫው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በአንድ እግራቸው ተወዛዋዡን ይገፋሉ። ሊሞከርበት የሚደፍር ሰው ግን ጠፋ፤ በመጨረሻ ርዕሰ መምህሩ እንደዘነበሉ መጡ። ፎቶው የዚያን ዕለት ነው፤ የሚያጡት ነገር የለም።

መጀመሪያ ነገሩ ሁሉ ሰላም ነበር። ችግሩ የመጣው ርዕሰ መምህሩ ለጨዋታ ያህል፣ «ታች ቤት ያሉት ጎረቤትዎ እንዴት ናቸው?» ሲሉ ነው።

«እሷን አያንሱብኝ!» አሉ እማማ፤ እግራቸው ጠንከር አለ። «ልብስ ያሰጣሁበትን ገመድ ፈትታ ፍየል አሰረችበት!» ወንበሩ ዘለለ። «ፍየሉ ደግሞ ቀሚሴን በላ!» ርዕሰ መምህሩ የወንበሩን ክንድ ጨበጡ። «ጠይቄያት ምን አለችኝ? ቀሚስሽ ፍየሌን አሳመመብኝ!»

«እማዬ፣ ቀስ!» ጮኸች የጋሽ ሞገድ ሚስት።

«ተይ አትንኪብኝ፤ ማዕበል ነው!» አለ ጋሽ ሞገድ። ፊቱ በርቷል። መቀሱ በአየር ላይ ይከንፋል፤ እሱም ወዲያና ወዲህ እየተንሳፈፈ እንደ ወጣትነቱ ያፏጫል።

ሲያልቅ ርዕሰ መምህሩ ተነሱ። ፀጉራቸው በክር የተለካ ይመስላል፤ ፊታቸው ግን እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኗል። «እጅግ... ግሩም ነው» ብለው፣ በጎን እየተራመዱ ወጥተው የመድኃኒት ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ዛሬ በትምህርት ቤቱ ኮሪደር ላይ የተሰቀለውን ፎቶ ያየ ሰው መጀመሪያ ፀጉራቸውን ያደንቃል፣ ቀጥሎ ምን በልተው ነው ይላል።

ወሬው በአንድ ቀን ከተማውን አዳረሰ። ደንበኛው ሁሉ ተመለሰ። ባለ መድኃኒት ቤቱ «የማቅለሽለሽ ክኒን እዚህ አለ» የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ ለጠፈና ከጋሽ ሞገድ ጋር ወንድማማች ሆነ። እማማም በየማለዳው በወንበራቸው መንገድ ሲሻገሩ ሾፌሮች ለምደው ፍሬን መያዝ ጀመሩ።

ሦስት ወር ያህል እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሞገድ የአንድ የጀልባ ካፒቴን ፀጉር እየቆረጠ፣ «እማማ፣ ትንሽ ጠንከር ያድርጉት» አለ። መልስ የለም። ደግሞ ተናገረ። ኩርፊያ ነው ብሎ ዞር ሲል የሰማው ማንኮራፋት ነው። እማማ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል፤ ነጠላ ጫማቸው ወልቋል፤ ሁለቱም እግራቸው ወለሉ ላይ ነው። ወንበሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የካፒቴኑም ፀጉር ቀጥ ብሎ ተቆርጧል።

ተራ ጠባቂዎቹ ጣሪያውን ይመረምሩ ጀመር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ጋሽ ሞገድ በቀስታ።

ካፒቴኑ በመስታወቱ ውስጥ ዓይኑን አሸሸ። «እኔማ... በዚህ ሁኔታ ስትቆርጠኝ ሦስተኛዬ ነው። እሳቸው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀነሱ ኋላ ተዉት። እንዳንነግርህ አስምለውናል።»

«ሚስቴስ ታውቃለች?»

«ጋሼ፣ የማያውቅ አንተ ብቻ ነህ» አለ ጫማ ጠጋኙ ከበሩ።

ጋሽ ሞገድ ጎንበስ አለና መዳፉን ሸክላው ላይ አሳረፈ። ቀዝቃዛ ነው። አይንቀሳቀስም። እንዲያም ሆኖ እጁ ሞገድ ሳይጠብቅ ቆርጧል። ሳቁ መጣበት፤ እማማን እንዳይቀሰቅስ ግን ፎጣውን አፉ ውስጥ ጠቀጠቀ።

ከዚያ በኋላ ሚስቱ እናቷን እቤት እንዲያርፉ ለመነቻቸው። እማማ ግን ማን ከሥራዬ ያባርረኛል ብለው ተቆጡ። አሁንም ጠዋት ጠዋት እየመጡ በሩ አጠገብ በወንበራቸው ይወዛወዛሉ፤ ተቆርጦ የሚወጣውን ሰው ሁሉ አገጩን ይዘው አዙረው ያዩና ይመልሱታል። «ግራው ይቀረዋል» ይላሉ። ጋሽ ሞገድ ያጉረመርማል፤ መስታወቱን ያነሳል፤ ደንበኛውን መልሶ ያስቀምጣል። ብዙውን ጊዜ ምንም አይቀረውም። አንዳንዴ ግን እውነታቸውን ነው።