ትኬት ቆራጯ ጥርስ ክሊኒኬ ስትገባ

ደብረ ማርቆስ መነኻሪያ አጠገብ፣ ፎቅ ላይ ሦስት ክፍል ተከራይቼ የጥርስ ክሊኒክ ስከፍት፣ ስለ ጥርስ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ስለ ሰው ግን ምንም አላውቅም። ሰው ማለት ለእኔ ከአፍንጫ በታች፣ ከአገጭ በላይ ያለው ቦታ ነበር። የቀረው ወንበሩን ለመያዝ አብሮ የመጣ ዕቃ ነው።

ከመክፈቴ በፊት ስለ ደንበኛ አያያዝ የሁለት ቀን ሥልጠና ወስጃለሁ። አሠልጣኙ ከረባቱን አጥብቆ ያሰረ፣ ሁለቱንም ቀን ሳያቋርጥ ፈገግ ያለ ሰው ነበር፤ እንደ ባለሙያ መንጋጋው አሳስቦኝ ነበር። "ሠራተኛ ስትቀጥሩ መጀመሪያ ፈገግታውን እዩ" አለን። እኔም አየሁ። የመጀመሪያዋ እንግዳ ተቀባዬ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ የመሰለች ልጅ ነበረች። በሦስተኛው ቀን አንድ ገበሬ ጉንጩን በጋቢ ጠቅልሎ ገባና "እስኪ እዪው" ብሎ አፉን ከፈተላት። ተዝለፍልፋ ወደቀች። ውኃ ያርከፈከፈላትም፣ ያነሳትም እሱው ገበሬው ነው። በማግስቱ አልመጣችም።

ቦታው ባዶ መሆኑን ሰምታ አንዲት ሴትዮ መጣች። የመርጡለ ማርያም ሰው ናት፤ አርባዎቹን አጋምሳለች። መነኻሪያው ውስጥ የሚኒባስ ትኬት ስትቆርጥ ነው የኖረችው። ድምጿ ከእሷ ቀድሞ ደረጃውን ወጣ።

"አቧራው ሰለቸኝ" አለችኝ።

"ፈገግታስ?" አልኳት፤ ሥልጠናው ገና አልወጣልኝም ነበር።

"ሲያስቀኝ እስቃለሁ።"

ሌላ አመልካች ስላልነበረ ቀጠርኳት። ሦስት ሆንን፤ እኔ፣ እሷ እና ከወሎ የመጣ ነርስ። ነርሱ እጁ የሠለጠነ፣ አንደበቱ ግን ያልተፈታ ሰው ነበር። ቀኑን ሙሉ ከእሱ የምሰማው "እሺ ዶክተር" ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ለእሺው ብዙ ሥራ እፈጥርለት ነበር። "መብራቱን! መብራቱን! ወዴት ነው የምታበራው፣ አፍንጫው ታመመ ተባልክ?" በሽተኛው አፉን እንደከፈተ ይሰማል። ከደጅ ያሉትም ይሰማሉ።

በመጀመሪያው የሥራ ቀኗ ኮሪደሩ ጢም ብሎ ነበር። መርፌውን ወደ አንድ ሰው ድድ ሳስጠጋ ከውጭ እንዲህ ሲባል ሰማሁ፦

"ደብረ ወርቅ! ደብረ ወርቅ አንድ ሰው! ግባ፣ ግባ!"

መርፌው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። በር ከፍቼ ሳይ ያዘጋጀሁት የተራ ቁጥር ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ተቆልሎ ተቀምጧል። እሷ ሰውን በመጣበት አገር ነው የምትጠራው። "የዲማው መምህር፣ አረፍ ይበሉ፣ ቀጥሎ እርስዎ ነዎት። አንቺ ባለ ቀይ ሻሽ፣ አታልቅሺ። መርፌው ያምማል፣ አልዋሽሽም። ከዚያ በኋላ ግን ጥርስሽን ብቻ ሳይሆን ባልሽንም ትረሺዋለሽ።" ባለ ሻሿ እያለቀሰች ሳቀች። እኔ ሆስፒታል ከነበርኩ ጀምሮ ለአሥር ዓመት ሰውን ሁሉ "አያምም" ስል ኖሬያለሁ፤ ጣቴ ላይ የንክሻ ጠባሳ ያለውም ለዚህ ነው።

ቀናት አለፉ፤ እሷ በየመሀሉ በሬን እያንኳኳች እስክሪብቶ ትጠይቀኝ ነበር። ሰው መጣ፣ በዛም። እኔ ግን አፈርኩ። አንድ የሙያ ባልደረባዬ ቢመጣና ክሊኒኬ ውስጥ እንደ ሚኒባስ ሲጠራ ቢሰማ ምን ይለኛል? ስለዚህ አንድ ማታ ቁጭ ብዬ አንድ አረፍተ ነገር ጻፍኩላትና ለገባ ሁሉ እንድትለው አዘዝኳት፦ "እንኳን ወደ ክሊኒካችን በደህና መጡ። ፈገግታዎ ሀብታችን ነው።"

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ጉንጩ ላበጠ ሰው?" አለች።

"ለሁሉም።"

በማግስቱ ኮሪደሩ ሞልቶ፣ እኔም ሥራ ላይ ሳለሁ የገቡት የዲማው የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ለሁለተኛ ጥርሳቸው። ተነሥታ ቆመች፤ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ እንደ አዋጅ አነበበችላቸው። መምህሩ ጉንጫቸውን እንደያዙ አሰቡበት።

"ሰሙ ገብቶኛል" አሉ በመጨረሻ። "ወርቁ ስንት ብር ነው?"

ኮሪደሩ በሳቅ ፈረሰ። መግል የቋጠረው ሳይቀር መንጋጋውን ደግፎ ሳቀ። እሷ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ትንፈራፈራለች። ጓንቴን ሳላወልቅ ወጣሁ።

"ይኼ መነኻሪያ አይደለም!" ብዬ ጮኽኩ። "መንጫጫት ካማረሽ ወደ ትኬትሽ ተመለሺ!"

መምህሩ መሬት መሬት አዩ። እሷ ወረቀቱን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"እሺ ዶክተር፤ እርስዎ እንዳሉ" አለች።

እስከዚያ ቀን ድረስ "አንተ" ነበር የምትለኝ፤ በዕድሜም ትበልጠኛለች። "እርስዎ" ስትለኝ የሆነ ነገር እንደተበጠሰ ገባኝ፤ ግን ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ልከተላት አልቻልኩም። ቦርሳዋን ይዛ ደረጃውን ወረደች። መምህሩም ለጥርሳቸው ሌላ ቀን እንደሚመለሱ ነግረውኝ ተከትለዋት ሄዱ።

ክሊኒኩ እንደ ተመኘሁት ጸጥ አለ። የተራ ቁጥር አደልኩ። ሁለት ሰዎች ስድስትን ዘጠኝ ነው፣ ስድስት ነው እየተባባሉ ሊደባደቡ ደረሱ። የሚመጣው ሰው በበሩ አንገቱን ያሰግግና "ያቺ ሴትዮ የለችም?" ይላል። የለችም ስንለው፣ ዓይኑ በእብጠት ተደፍኖ እያየሁት፣ "እንግዲያው አሁን ተሽሎኛል" ብሎ ይመለሳል።

በአምስተኛው ቀን ነርሱ መሣሪያ እያጠበ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ "ዶክተር፣ ሄደው ቢያመጧት" አለ።

ከእሺ ሌላ ቃል ከአፉ ሲወጣ ስሰማ ደነገጥኩ። "ለምን?"

"በሩን እያንኳኳች እስክሪብቶ ትጠይቅ የነበረው..." አለና ቆመ። "እስክሪብቶ ፈልጋ አልነበረም። እርስዎ ሲቆጡኝ ነው የምታንኳኳው።"

እኔ ሴትዮዋ እስክሪብቶ ትጥላለች ብዬ አንድ ሙሉ ካርቶን ገዝቼ ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በዝናብ መነኻሪያ ወረድኩ። ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆማ ትኬት ትቆርጣለች። አጠገቧ ስደርስ ቀና ሳትል "ወዴት ነህ?" አለችኝ።

"የትም። ላናግርሽ ነው።"

"ተሳፋሪ ካልሆንክ ከሰልፉ ኋላ ቁም።"

ቆምኩ። ሰልፉ ውስጥ ጥርሳቸውን የሞላሁላቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ በሚገባ ተዝናኑብኝ። መኪናው ሞልቶ ሲወጣ ዞር አለች።

"እትዬ፣ አጥፍቻለሁ" አልኳት። እትዬ ብያት አላውቅም ነበር። "ተመለሺልኝ። እንደፈለግሽ ጥሪያቸው፤ ብትጮኺም ግድ የለኝም።"

"የእኔን ጩኸት ተወው" አለች። "እኔ የምጮኸው ሰው እንዲሰማኝ ነው። አንተ የምትጮኸው ሰው እንዲያንስልህ ነው። በዚያ ልጅ ላይ ሁለተኛ ብትጮህ ወደዚሁ እመለሳለሁ።"

ዝናቡ በአንገቴ ይገባል። "እሺ" አልኩ፤ የነርሱን እሺ ያህል አጭር።

"አንተ" ማለቷን ያስተዋልኩት ደረጃውን ስወጣ ነው።

ሰኞ ጠዋት ተመለሰች። እኔ በአንድ ቀን መልአክ አልሆንኩም። ድምፄ ከፍ ሲል በሩን ወለል አድርጋ ትከፍትና በበሽተኛው ፊት "ዶክተር፣ ድምፅህን" ትለኛለች። መጀመሪያ ላይ አንገብግቦኝ ነበር። በኋላ ሳልጮህ የምውልባቸው ቀኖች መጡ፤ ነርሱም ቀስ በቀስ ወሬ ጀመረ። መብራቱ የተሳሳተው እኔ ወንበሩን ያለቦታው ስላደረግኩት እንደነበር የነገረኝ ያኔ ነው። ወንበሩን አስተካከልነው። አሁን እኔም መርፌ ሳነሣ "ያምማል፣ ቶሎ ያልፋል" እላለሁ፤ የነከሰኝ ሰው የለም።

ባለፈው ዓመት ሥራ ስለበዛብን አንድ ሰው ልንጨምር ሆነ። ጠያቂዋ እሷ እንድትሆን ለቀቅኩላት፤ እኔ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ለመጡት ሦስት ልጆች አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረበች፦ "ጥርስሽን ታመሽ ታውቂያለሽ?"

ሁለቱ ጥርሳቸውን አብርተው "በጭራሽ" አሉ። ሦስተኛዋ ግን አፏን በእጇ ከልላ፣ "አሁንም እያመመኝ ነው" አለች፤ እንባዋም መጣ።

"ልጄ፣ ነገ ጀምሪ" አለቻት።

ልጅቷም የመጀመሪያ የሥራ ቀኗን ወንበሬ ላይ አፏን ከፍታ አሳለፈችው።