አራስ በሁለት ዝናብ መሃል

ታላቅ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እማዬ ልታርሳት ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ ወደ ኖርፎክ ሄደች። ኖርፎክ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለች የባህር ጠረፍ ከተማ ናት፤ እህቴ ከባሏ ጋር እዚያ ከገባች ብዙ አልቆየችም ነበር። እማዬ ከምትሠራበት ሆቴል ያልወሰደችውን ዕረፍት ሁሉ አንድ ላይ ወሰደች። በሻንጣዋ ውስጥ ከልብስ ይልቅ የገብስ ዱቄትና የተነጠረ ቅቤ ነበር የሚበዛው። እኔና አባዬ ኮሎምበስ ዳር፣ ዋይትሆል ባለው አፓርታማችን ብቻችንን ቀረን። አባዬ ዌርሃውስ፣ ትልቅ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ገና የመጀመሪያ ሴሚስተሬ ቢሆንም፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ቤቱን እንደ እማዬ ላስተዳድር ደፋ ቀና እል ነበር።

እማዬ በአራስ ነገር አትደራደርም። አራስ ብርድ አይነካትም፣ ዝናብ አይነካትም፣ ደህና ሆነች ተብሎ እንደ ሌላ ሰው ደጅ አትወጣም። "የአራስ መቃብር አፉን ከፍቶ ነው የሚጠብቀው" ትላለች። ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ በእውነት የተቆፈረ ጉድጓድ ያለ ይመስለኝ ነበር። ሕፃኗ ደግሞ ሴት ስለሆነች ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። እስከዚያ ከቤት የምትወጣው ለሐኪም ቀጠሮ ብቻ ነው፤ እሱም ፊቷ እንኳን ሳይታይ ተጠቅልላ። እህቴ በየቀኑ ደውላ መስኮት ይከፈትልኝ ብሎ መለመን እንደሰለቻት እየሳቀች ትነግረኝ ነበር።

በዚህ መሃል ከባህሩ የተነሳ፣ አውሎ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ወደ ከተማዋ እየመጣ ነው ተባለ። ዝቅተኛ ቦታ የሚኖሩ ሰዎች ወደ ከፍታ እንዲወጡ ማስጠንቀቂያ በየስልኩ ተላከ። የእህቴ ቤት ከመሬት እኩል ያለው የመጀመሪያ ወለል ነው። ከሕንፃው ጀርባ የባህሩ ውሃ ገባ ወጣ የሚልበት ቦይ አለ፤ ባህሩ በሞላበት ሰዓት ዝናብ ከተጨመረበት ውሃው መሄጃ አጥቶ ወደ ፓርኪንጉ ይመጣል። የእህቴ ባል የትራክ ሹፌር ነው፤ የዚያን ቀን ጭነት ይዞ ሌላ ስቴት ነበር። ከላይኛው ፎቅ ያሉት ጎረቤቶች በጠዋት በራቸውን ቆልፈው ሄደዋል። እህቴ በኦፕራሲዮን ስለወለደች ገና መንዳት አልተፈቀደላትም፤ እማዬ ደግሞ መንዳት አትችልም።

መሄጃ ግን ነበራቸው። እህቴ በቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸው አንዲት ትልቅ ሴት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ቤታቸው ከፍታ ቦታ ላይ ነው፤ ሩቅም አይደለም። መኪናቸውን ይዘው መጥተው ሊወስዷቸው ከጠዋት ጀምሮ እየደወሉ ነበር። እምቢ ያለችው እማዬ ናት። በዚህ ዝናብ አራስ ይዤ አልወጣም፣ ውሃው ከመጣም አልጋ ላይ እንወጣለን አለች። አባዬ ደውሎ ሊያግባባት ሲሞክር "አንተ ስንት አራስ አርሰሃል?" አለችውና ስልኩን ለእህቴ መለሰችላት። አባዬም ጫማውን ማሰር ጀመረ፤ የሚሄድበት ቦታ ግን አልነበረውም።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ኮሎምበስ ላይ ጥርት ያለ ፀሐይ ነበር፤ ታች ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ፣ ወደ ኤርፖርቱ የሚወርዱት አውሮፕላኖች እንደ ወትሮው በጣሪያችን ላይ ያልፋሉ። እህቴ ቴክስት ላከችልኝ። ውሃው የፓርኪንጉን መስመር ሸፍኖታል፣ እማዬ መጋረጃውን ስለዘጋችው አላየችም ብላ ጻፈች። ቀጥላም "አንቺ አሳምኛት። እኔ ስናገር አራስ ናት ፈርታ ነው ትላለች" አለችኝ።

እኔ እማዬን አሳምኜ አላውቅም። ቤታችን ውስጥ የታዘዘችውን በፍጥነት የምትፈጽመው ልጅ እኔ ነኝ፤ መከራከር የእህቴ ድርሻ ነበር። ያለኝ ነገር ቢኖር በዚያ ሴሚስተር የወሰድኩት የአየር ጠባይ ትምህርት ነው። ከፊት ወንበር ተቀምጬ፣ የሚነበበውን ከክፍል በፊት አንብቤ እመጣ ነበር። የዝናብ ራዳር እንዴት እንደሚነበብ ከተማርን ሳምንት አልሞላንም። አስተማሪያችን ደጋግመው የነገሩን ሁለት ነገር አለ፤ ራዳሩ ላይ የምናየው ከደቂቃዎች በፊት የነበረውን ነው፣ ራዳር ደግሞ ከላይ የሚወርደውን እንጂ መሬት ላይ የተኛውን ውሃ አያሳይም።

ላፕቶፔን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፍቼ የኖርፎክን ራዳር አወጣሁ። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም ከባህሩ ላይ እየዞረ ወደ ከተማዋ ይገባል። መጀመሪያ ሳየው ሁሉም ቦታ የሚዘንብ መሰለኝ። ተንቀሳቃሹን ምስል ደጋግሜ ሳየው ግን ዝናቡ እንደ ሹሩባ ነበር። ጉንጉኑ ወፍራም ነው፣ በጉንጉንና በጉንጉን መሃል ግን ምንም ቀለም የሌለው መስመር አለ። መስመሩም ከጉንጉኑ ጋር አብሮ ይጓዛል።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። እማዬ ጨርሶ ከቤት አልወጣም አላለችም፤ ያለችው አራስ ዝናብ አይነካትም ነው። ሁላችንም ከጠዋት ጀምሮ ስንሟገት የነበረው ሕጓን ልናስጥላት ነበር። እኔ ሕጉን ሳልነካ ዝናብ የሌለበት ሰዓት ባገኝላትስ?

ለአባዬ ስነግረው ወንበር ስቦ ከጎኔ ተቀመጠና፣ ከተሳሳትኩ እማዬ ዳግመኛ ማንንም እንደማትሰማ አስጠነቀቀኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ራሴን ልፈትን አልኩ። እማዬ ጋ ኮል አደረግኩና በጣም በትህትና፣ አሁን እየዘነበ እንደሆነ፣ ጥቂት ቆይቶ እንደሚያባራ፣ ሲያባራ ብቻ እንድትነግረኝ ጠየቅኳት።

"አንቺ ኦሃዮ ተቀምጠሽ እዚህ የሚዘንበውን ልትነግሪኝ?" አለች።

"እሞክራለሁ እማዬ። ካልሆነ ትስቂብኛለሽ።"

"እስቃለሁ እንጂ" አለችና ስልኩን ሳትዘጋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። የሕፃኗን ለቅሶና መስኮቱን የሚደበድበውን ዝናብ እሰማ ነበር። ምስሉ ስንት ደቂቃ እንደዘገየ አይቼ፣ የመስመሩን ጫፍ በጣቴ ስክሪኑ ላይ እየተከተልኩ ቆየሁ። ከዚያ በስልኩ ውስጥ ድምፁ ቀነሰ፣ ቀነሰና ጠፋ። የእማዬ እርምጃና መጋረጃ ሲሳብ ተሰማኝ። ዝናቡን ብቻ ሳይሆን ፓርኪንጉንም አይታለች ማለት ነው።

"አባርቷል" አለች ቀስ ብላ።

ይህኛው መስመር ጠባብ እንደሆነ፣ አሁን ቢነሱ ዝናቡ መንገድ ላይ እንደሚይዛቸው ነገርኳት። ቀጥሎ ከባድ ዝናብ ይመጣል፣ ከእሱ በኋላ ሰፊው መስመር አለ፣ መውጣት ያለባችሁ በዚያ ነው አልኳት። አልተቃወመችም። ዝናቡ እኔ ባልኩት አካባቢ ተመልሶ ሲጀምር "እግዚኦ" ስትል ሰማኋት፤ ከዚያ እህቴን እቃ ሸክፊ ማለት ጀመረች። አባዬ ትከሻዬን ጨበጥ አደረገኝ።

አሁን የቀሩት እትዬ ነበሩ። በአባዬ ስልክ ደወልኩላቸውና ዝናቡ ሳያባራ ከቤታቸው ተነስተው፣ መስመሩ ሲገባ የእህቴ በር ላይ እንዲደርሱ ለመንኳቸው። መንገዱንም ጠየቅኳቸው። በድልድዩ ሥር የሚያልፈው ይቀርባል፣ በገበያ ማዕከሉ በኩል ያለው ግን ከፍ ያለ ነው አሉ። ራዳሩ ከድልድዩ ሥር ያለውን ውሃ እንደማያሳየኝ ነገርኳቸው፤ ከፍ ባለው መንገድ ይምጡ፣ የመጡበት ደረቅ ከሆነ በእሱው ይመለሱ አልኳቸው። "እሺ የኔ ልጅ፣ አንቺ እንዳልሽ" አሉኝ። ትልቅ ሰው እንዲህ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

እትዬ በር ላይ ሲደርሱ ዝናቡ ገና እየሳሳ ነበር። እህቴ በስልክ እንደነገረችኝ ሕፃኗ በጋቢ ተጠቅልላለች፣ እሷ ነጠላ ተከናንባ ከበሩ ውስጥ ቆማለች፣ የመኪናው በር ክፍት ነው። የሚጠብቁት የኔን ቃል ነው። ልክ ያን ጊዜ፣ ባዶ መሆን በነበረበት መስመር መሃል አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ነጥብ ብቅ አለች። አዲስ ምስል መጣ፤ ነጥቧ አልጠፋችም። ወደ እነሱ እየሄደች ነበር።

አባዬም አይቷታል። ዝም ብለን ውጡ እንበላቸው፣ ካወቀች እኮ አትወጣም አለኝ በሹክሹክታ። እውነቱን ነው፤ ብነግራት ልትቀር ትችላለች፤ ከቀረች ደግሞ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ቀይ ነው፣ ባህሩም የሚሞላው አብሮ ነው። ግን እስካሁን ያመነችኝ ያልኳት እንዳልኳት ስለሆነ ነው።

"እማዬ፣ ተሳስቻለሁ። ከባድ ዝናብ የለም፣ ግን ጥቂት ጠብ ጠብ ይላል" አልኩ።

በስልኩ ውስጥ የመኪናው ሞተር ብቻ ይሰማኝ ነበር።

"ጠብ ጠብማ ጠበል በይው" አለች እማዬ፤ ከዚያም ለእትዬ "ያንን ጃንጥላ ያዙልኝ" ስትል ሰማኋት። የመኪና በር ተዘጋ። ሌላ በር ተዘጋ፤ ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። መኪናዋን ራዳሩ አያሳይም። ነጥቧ በከተማዋ ላይ አልፋ ሄደች፣ መስመሩ ጠበበ፣ የሚቀጥለው ጉንጉን ከባህሩ ዳር መጣ። እህቴ መንገድ ላይ ሆና መንገዱ ደረቅ ነው ብላ ጻፈች። እንደገና ጻፈች፤ ወደ ዳገቱ እየወጡ ነው። አባዬ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ቆመ፤ ከዋይትሆል ሆኖ የሚታየው ነገር ያለ ይመስል ወደ ሰማይ ያያል። ቀዩ ቀለም ከተማዋን ሲነካ ስልኬ ጮኸ። እህቴ "ገባን፣ ጸጉሬ እንኳን አልራሰም" አለችኝና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። አባዬ ሁለታችንን ሲሰማ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ገብተዋል ስለው ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ጫማውን ፈታ።

የዚያን ቀን ማታ እማዬ ራሷ ደወለች። ስለ ራዳሩ አንድም ቃል አላነሳችም። የእትዬ ቤት ኤሲ አራስ የሚገድል ብርድ እንደሆነ፣ ስለዚህ እንዳስጠፋችው ነገረችኝ። የእትዬ ባል ሙቀቱን ሸሽተው በረንዳ ላይ ከነፋሱ ጋር ተቀምጠዋል አለች እህቴ ከኋላ። እማዬ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ከሰው ቤት ገብታ እንዲህ ማዘዝ ከቻለች ደህና ናት ማለት ነው ብዬ ከብዙ ሰዓት በኋላ በላሁ።

በማግስቱ የእትዬ ባል የእህቴን ቤት ሊያዩ ሄዱ። እማዬ ከሰዓት በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሹክሹክታ ደወለችልኝ። ውሃው ቤት ገብቶ የአልጋውን ፍራሽ አርሶታል፣ የሕፃኗ አልጋ ግድግዳው ሥር ተገልብጧል አለች። አልጋ ላይ እንወጣለን ያለችውን እኔም አላስታወስኳትም፣ እሷም ሳታስታውሰው አልቀረችም፤ ድምፅዋ ውስጥ ነበር። "እህትሽ እንዳትሰማ፣ አራስ ናት፣ ወተቷ ይደርቃል" አለችኝ። እሺ አልኳት።

ብዙም ሳይቆይ እህቴ ደወለች። እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች። አንድ ጎረቤት የቤቱን ፎቶ ልኮላታል፣ ባሏም ያውቃል፣ ዕቃው ይተካል አለች። ከዚያ "ለእማዬ እንዳትነግሪያት፤ እንቅር ያለችው እሷ ስለነበረች ራሷን ትበላለች፣ ደሟም ከፍ ይላል" አለችኝ። ለእሷም እሺ አልኳት።

ስልኩን ሳስቀምጥ አባዬ ለሺፍቱ እየተዘጋጀ ነበር። የደወለችው የትኛዋ እንደሆነች ጠየቀኝ።

"ሁለቱም" አልኩት። "ሁለቱም ደህና ናቸው።"