የሐዘን ልብሴ እጣቢ

ለወዳጅ ዘመድ በሙሉ! በኮሎምበስ ኦሃዮ ቤታችንን በታማኝነት ሲያገለግል የኖረው የበርበሬ መፍጫ፣ የባሕር አረም ስለ ተፈጨበት ዛሬ ከሥራ መሰናበቱን በጥልቅ ሐዘን እገልጻለሁ።

ጥፋተኛዋ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የምትማረው የልጄ ልጅ ሶስና ናት። (ሐኪም ትሆናለች ስንል ሳር ትፈጭልናለች።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴ እትዬ አስካለ በዚህ ኮቪድ አዲስ አበባ ላይ አረፈች። መሄድ አልቻልኩም። ለቅሶውን በዙም ተቀመጥኩ፤ ስለ እሷ መናገር ስጀምር "ጋሼ፣ ድምፅዎን ሚዩት አድርገውታል፤ አይሰማም" አሉኝ።

ቢያንስ እንደ ወጉ ልብሴን ላጥቁር ብዬ፣ እሷው የላከችልኝን ነጭ ሸሚዝ ዛሬ ጠዋት በድስት ጥቁር ቀለም ነከርኩት።

እጣቢውን ልደፋ ስል ሶስና "ኖ ኖ አባባ፣ ዌት!" ብላ ድስቱን ቀማችኝ። የፋብሪካ ቀለም ወንዝ ይበክላል፤ የደረቀ የባሕር አረም ግን ቀለሙን ከውሃው ይመጥጠዋል አለችኝ። በበርበሬ መፍጫው የፈጨችውን የአረም ዱቄት ጨምራ አማሰለችው።

ከሰዓት በኋላ ውሃው እንደ ምንጭ ጠራ።

"ሉክ አባባ፣ እየለቀቀ ነው!"

እኔም ርጥቡን ሸሚዝ ደረቴ ላይ ለጥፌ "ከዚህኛው ግን አታስለቅቂውም" አልኳት። ለመቀለድ ነበር። ዙም ላይ እምቢ ያለኝ እንባ ያን ጊዜ መጣ። ሶስና ማማሰያውን አስቀምጣ አቀፈችኝ፤ እሷም ጠቆረች።

እናንተስ፣ ቀብር ሳትደርሱ የቀራችሁ፣ ሐዘናችሁን እንዴት ተወጣችሁት? ጻፉልኝ።

አንድ ነገር ግን ከራሴ ጨምሬ አውርቻችኋለሁ። ውሃው አልጠራም፤ ገና ግራጫ ነው። ሶስና "ጊዜ ስጠው አባባ" ብላኛለች።