ይቅርታ የሌለበት ዝርዝር

ማንበብ የተማርኩት አርባ ዓመት ሞልቶኝ ነው፤ እዚሁ አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ። አባቴ ወንድሜን ትምህርት ቤት ላከ፣ እኔን የሸማ ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጠ። ካረጀ በኋላ አስመጣሁትና ዌስት ሴንት ፖል እኔ ጋ ተቀመጠ። አንድ እሁድ እንግዳ ፊት «አውቀው ነው ከትምህርት ያስቀሩኝ» አልኩት። ተቆጣ። «ይቅርታ ካልጠየቀኝ አገሬ መልሱኝ» ብሎ ሦስት ሽማግሌ ከቤተ ክርስቲያን ላከብኝ። እግሩ ላይ ውደቅ አሉኝ። የሳምንት ቀጠሮ ጠየቅኩ።

ሥራዬ አይሁድ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ነበር፤ አበላለሁ፣ አጥባለሁ። አንዱ፣ ጡረታ የወጣ ጫማ ነጋዴ፣ ታልሙድ የሚሉትን የሃይማኖታቸውን የሕግ መጽሐፍ አብሮት የሚያነብ ጓደኛው ሞቶበታል። ታልሙድ ደግሞ ለብቻ አይነበብም፤ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ይጨቃጨቅበታል። «ና ቁጭ በል» አለኝ። እንግሊዝኛውን እየተንገዳገድኩ አነበብኩለት። እሱ ሲያብራራ እኔ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደለመድኩት፣ አንገቴን ደፍቼ «አሜን» እላለሁ። ጠረጴዛውን መታው።

«አሜን ለሚለኝማ ግድግዳው ይበቃኛል! ተቃወመኝ እንጂ!»

የዚያ ሳምንት ገጽ አባት ለልጁ ስላለበት ግዴታ ነበር፤ ሕጉን ያስተምረው፣ ሙያ ያስይዘው፣ ይዳረው። ዋናም ያስተምረው የሚሉ አሉ። ደሜ ፈላ።

«የኔው አላስተማረኝም» አልኩ።

«ሙያስ?»

«ሸማ።»

«እንግዲያው ከፊሉን ፈጽሟል።»

«ከፊሉን? ወንድሜ እኮ ሐኪም ነው!»

ሳቀ። «አሁን ተማሪ ሆንክ።»

ቀጠልን። አባቱ ያላስተማረው ሰው ራሱን ያስተምር ይላል። እሱን አድርጌዋለሁ። የልጅ ግዴታ ደግሞ አባቱን ማብላት፣ ማጠጣት፣ ማልበስ፣ ማስገባት፣ ማስወጣት።

«ይቅርታ ጠይቅ የሚለው የታለ?»

በጣቱ ፈለገ። «እዚህ የለም። ግን የአባትህን ቃል አትቃወም ይላል። እሱን ጥሰሃል።»

«አዎ ጥሻለሁ።»

«ታርመዋለህ?»

«አላርመውም።»

«እንግዲያው የቀረውን እንዳትጥስ።»

እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ያልኩትን አልመልስም አልኳቸው፤ ያነበብኩትንም ነገርኳቸው።

«ደግሞ ከአይሁድ ተማርክ? ጉድ እኮ ነው!» አለ አንደኛው።

አባቴ ከሶፋው ቀና አለ። «የትኛው ሥራ ፈት ነው ይህን የጻፈው? ሁለታችሁም ትምህርት ቤት ብትሄዱ ማን ሊሸምን ነበር?»

«እርስዎ ነዎታ።»

ሽማግሌዎቹ ኮታቸውን አነሱ። ማንም «ተቀመጡ» አላላቸውም።

ሾርባውን አሙቄ አበላሁት። ካፖርቱን አለበስኩት፣ ዚፑን እስከ አገጩ ዘጋሁ። ቤተ ክርስቲያን ልወስደው በረዶው ላይ ክንዱን ይዤ አወጣሁት።

«ይቅርታ የለም?» አለኝ መኪናው ጋ ስንደርስ።

«የለም። አገሬ ልግባ ካሉ ኤርፖርት ድረስ ድራይቭ አደርግዎታለሁ። ማስወጣትም ግዴታዬ ነው።»

እጁን ዘረጋልኝ።

«ይልቅ ጓንቴን አጥልቅልኝ» አለ። «ብርዱ ገደለኝ።»

አጠለቅኩለት።